በሁለት በሮች መሃል

እኔ ጠምጣሚ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
በእነዚህ ጣቶች ነው የመዳብ ክር ውሉ።
ኮይምባቶር መጥቶ ሞተር ለሚጠይቅ
«ቬላዩዳም ዘንድ ሂድ» ይለዋል የሚያውቅ።
የጉድጓድ ፓምፕ ይሁን፣ የፈትል ፋብሪካ፣
ሲያቃስት ሰምቼ ሕመሙን ስለካ
ኖርኩ።

አምና ዝናብ ሲገባ ቴንሞዢ መጣች፤
ጠረጴዛዬ ላይ ጥቁር ሳጥን አስቀመጠች።
«ባትሪ ግትር ሰው ነው፣ አንድ ቃል የሚያውቅ፤
ሞተርዎ በሦስት ድምፅ ካልጠሩት አይነቃነቅ፤
ይቺ ናት አስተርጓሚ፣ ሁለቱን የምታስታርቅ።
ስድስት በሮች አሏት፤ ሦስቱ ከላይ፣ ሦስቱ ከታች፤
በሰከንድ አሥር ሺህ ጊዜ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።
የላይና የታቹ ላንድ አፍታ ክፍት ሆነው ቢገናኙ
ጎርፉ ሞተሩን ትቶ ባቋራጭ ይወርዳል፤ አመድ ነው የሚያገኙ።»

አየሁት። ባንድ ሳምንት ሦስት ሳጥን ነደደ።
የመጀመሪያው እንደ ርችት ጮኸ፤ ሁለተኛው ቀስ ብሎ ጨሶ ሄደ፤
ሦስተኛው ጥፍር የምታህለውን የሲሊኮን ቁራሽ በልቶ፣
የረዳቷን የኢላንጎን ቅንድብ ላጭቶ
ተወን።

ልጅቱ አልጮኸችም። ወንበር ስባ ቁጭ አለች፤
ብዕሯን ነክሳ ደብተሯን ገለጠች።
«አንዱ በር ተዘግቶ ሌላው እስኪከፈት
ትንሽ ዝምታ አለ፣ ማንም የማያልፍበት።
የሰከንድ ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም ርዝመቱ፤
ያንን ነው ያሳነስኩት» አለች፣ «እሱ ነው ጥፋቱ።»

ወንድሜ ትዝ አለኝ፣ ካሊያፔሩማል።
ያን ማታ፣ ያባታችን ሱቅ ሲከፈል፣
እሱ ሳይጨርስ እኔ፣ እኔ ሳልጨርስ እሱ፤
ክብሪቱን ማን ጫረው ይባባላሉ ሚስቶቻችን፣ እስከ ዛሬ ሲወቃቀሱ።
ዘጠኝ ዓመት ሆነው።
ግን የማወራው ስለ ሳጥኗ ነው።

ዝምታውን አስረዘመች። መንደዱስ ቀረ።
ሞተሬ ግን በቀስታ ሲዞር
ጉንፋን እንደያዘው ልጅ እያነፈነፈ አስቸገረ።
ኢላንጎ ማዕበሉን በስክሪን አሳየኝ፤ ወገቡ ላይ ተሸርፏል።
እኔ ስክሪን አላነብም፤ ጆሮዬን ብረቱ ላይ ጣልኩ።
«ዝምታሽ በዝቷል» አልኳት። «በልኩ ሲሆን ጨዋነት ነው፤
ሲረዝም ኩርፊያ ይባላል።»
ቀና ብላ አየችኝ። ይህን ከየት እንዳመጣሁት አልጠየቀችኝም።

ሌሊቱን ከዝምታው ላይ ሽራፊ በሽራፊ ቀነሰች፤
እኔ ጆሮ፣ እሷ እጅ፤ በየቅናሹ ትንፋሿን ትይዛለች።
ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤
ኢላንጎ አንድ እጁን ቅንድቡ በነበረበት ላይ አድርጎ ያንቀላፋል።
ሊነጋጋ ሲል ማነፍነፉ ቆመ።
ቀነሰች፤ ደግሞ ልትቀንስ ስትል፣
«በቃ» አልኳት፣ «ከዚህ በኋላ ስስት ነው።»
ሳጥኗን ዳሰስኳት፤ ለብ ብላለች፣
እንደ ተኛች ላም ጎን።

በሦስተኛው ቀን ሴላሙቱ ባጃጇን አስነሣ፤
አራት አበባ ሻጮች ከነቅርጫታቸው ጭኖ
የማሩዳማላይን ዳገት ወጣው። ሲወርድም ሞተሬ ጄኔሬተር ሆኖ
በዚያው ሳጥን፣ በዚያው በር፣ ወደ ኋላ
ባትሪውን አጠጣው፤ ቁልቁለቱን የሚያህል ጉርሻ በላ።

ቴንሞዢ ደጃፍ ቆማ፣ ብዕሯን ነክሳ፣ ጠበቀችው።
«እንዴት ነው?» አለችው።
ወገቡን እያሸ ወረደ፦
«ወንበሩ ይቆረቁራል።»
ሌላ ቃል የለም። ስለ በሮቹ፣ ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ተላጨው ቅንድብ።
እስክትታጠፍ ሳቀች።

«ወንበር የሚሰፋ አንድ ሰው አውቃለሁ» አልኳት፤
ቁጥሩን በቃሌ ነገርኳት።
ጻፈች። «ስሙስ?»
ዝም አልኩ፣
በልኩ።
ከዚያ፦ «ካሊያፔሩማል።»